መሳቢያ ሳይንኳኳ እንዲዘጋ፦ ተለጣፊ ጎማ፣ ተጨማሪ ዳምፐር ወይስ አዲስ ሐዲድ?

ሶፍት ክሎዝ (መሳቢያን ሳይንኳኳ ቀስ አድርጎ የሚዘጋ ዕቃ) የሚፈልግ ሰው ብዙ ጊዜ የሚመርጠው በመልክና በዋጋ ነው። መጀመሪያ መምረጥ ያለበት ግን ሜትር ይዞ ነው። በመሳቢያው ጎንና በኮሞዲኖው የውስጥ ግድግዳ መካከል ስንት ሚሊሜትር እንዳለ ካልታወቀ፣ የተገዛው ሐዲድ ምርጥ ቢሆንም ላይገባ ይችላል።

መሳቢያውን አውጥተው የመግቢያውን የውስጥ ስፋት ከፊትም ከኋላም ይለኩ። ከዚህ ላይ የመሳቢያውን ሣጥን የውጭ ስፋት ይቀንሱ፤ የፊት መሸፈኛው አይቆጠርም። የቀረው 25 ወይም 26 ሚሜ ከሆነ ኮሞዲኖው የተሠራው ለጎን ሐዲድ፣ ማለትም በመሳቢያው ግራና ቀኝ ለሚታሰር ሐዲድ ነው፤ ሥራዎ ቀላል ነው። ከ3 እስከ 6 ሚሜ ከሆነ መሳቢያው እንጨት በእንጨት ላይ የሚሄድ ነው፤ ምርጫዎ ይጠባል። የፊቱና የኋላው ልኬት ከ1 ሚሜ በላይ ከተለያየ ደግሞ የኮሞዲኖው አካል ተንጋዷል ማለት ነው፤ ከመግዛትዎ በፊት እሱን ማቃናት ይቀድማል።

ሌላም መታወቅ ያለበት ነገር አለ። ሶፍት ክሎዝ ሁለት ክፍል አለው፦ የመጨረሻዎቹን ከ3 እስከ 5 ሴንቲሜትር የሚስብ ሞላ፣ እና እንደ መኪና አሞርዛተር በዘይት የተሞላ ትንሽ ፒስተን። ፒስተኑ ፍጥነቱን ይገታል፣ ሞላው ደግሞ መሳቢያውን ቀስ አድርጎ ያስገባል። ሞላው ደካማ ነው። እየተንገዳገደ ወይም እየታከከ የሚሄድን መሳቢያ አሸንፎ መሳብ አይችልም። ስለዚህ ባዶ መሳቢያ በአንድ ጣት ግፊት ሳይያዝ የማይሄድ ከሆነ፣ የትኛውም ዳምፐር (ምት የሚያለዝብ ዕቃ) አይጠቅመውም።

ተለጣፊ ጎማና ፌልት

ርካሹ መፍትሔ ነው፤ የሚሠራው ሥራም እንደ ዋጋው ነው። ከ1.5 እስከ 3 ሚሜ ውፍረት ያላቸውን ሁለት ተለጣፊዎች የመሳቢያው ፊት በሚያርፍባቸው ማዕዘኖች ላይ መለጠፍ የእንጨቱን ጩኸት ያፍናል፤ ፍጥነቱን ግን አይቀንስም። ጎማው ለስላሳና ወፍራም ከሆነ በኃይል የተገፋ መሳቢያ ነጥሮ ይመለሳል፤ ለዚህ ፌልት (ወፈር ያለ ጨርቅ መሰል ተለጣፊ) ይሻላል። ቦታው በአልኮል ካልተጠረገ ማጣበቂያው ቶሎ ይለቃል። መሳቢያው እንጨት በእንጨት ከሆነ መንሸራተቻውን በ220 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት አለስልሰው የሻማ ሰም ይቀቡት። ዘይት አይቀቡ፤ አቧራ ይሰበስባል፣ ልብስም ያበላሻል።

ተጨማሪ ዳምፐር

በዚህ ስም የሚሸጡት ሁለት የተለያዩ ዕቃዎች ናቸው፤ ገዢዎችም የሚሳሳቱት እዚህ ነው። አንደኛው 10 ሚሜ ገደማ ውፍረት ያለው ዘንግ መሰል ፒስተን ነው፤ ለቁም ሣጥን በር የተሠራ ነው። መሳቢያ ላይ ሲገጠም ምቱን ያለዝባል እንጂ አይስብም። እንዲያውም በቀላሉ በሚንሸራተት መሳቢያ ላይ የራሱ ሞላ መልሶ ይገፋውና ጥቂት ሚሊሜትር ክፍት ይተወዋል። ሁለተኛው ሞላም ፒስተንም ያለው ነው፤ አካሉ ኮሞዲኖው ላይ፣ መንጠቆው መሳቢያው ላይ ይታሰራል። ለመሳቢያ የሚገዛው ይህ ነው። በጎን በኩል ለማስገባት ከ10 ሚሜ በላይ ክፍተት ስለሚፈልግ፣ በእንጨት መንሸራተቻ ኮሞዲኖ ውስጥ ቦታ የሚገኘው አብዛኛውን ጊዜ ከመሳቢያው በላይ ወይም በታች ነው። ማሸጊያው ላይ የተጻፈውን የክብደት ልክ ከሙሉ መሳቢያው ክብደት ጋር ያስተያዩ፤ ሹራብና ጂንስ የሞላው መሳቢያ ከሚገመተው በላይ ይከብዳል።

ያረጀና ዋጋ ያለው የእንጨት ዕቃ ከሆነ ከዚህ በላይ አይሂዱ። ለሐዲድ ሲባል መሳቢያውን ማጥበብ የማይመለስ ጉዳት ነው።

የጎን ሐዲድ ወይስ የሥር ሐዲድ?

እውነተኛው ፉክክር ያለው በእነዚህ በሁለቱ መካከል ነው።

ባለ ኩሽኔታ የጎን ሐዲድ በእያንዳንዱ ጎን 12.7 ሚሜ ይወስዳል። ኮሞዲኖው ነጩን፣ በፕላስቲክ ጎማ የሚሽከረከረውን ሐዲድ ከለበሰ፣ እሱም የሚወስደው ያንኑ ያህል ስለሆነ መሳቢያውን ሳይነኩ መተካት ይቻላል። ክፍተቱ ከልኩ ከጠበበ ኩሽኔታው ይጨናነቃል፣ ሞላውም መሳብ ያቅተዋል። ግማሽ ሚሜ እንኳ ለውጥ ያመጣል። ከሰፋ ግን መፍትሔው ቀላል ነው፤ ከሐዲዱ ጀርባ ስስ ኮምፔንሳቶ ወይም ካርቶን ይደረጋል። ርዝመቱ ብዙውን ጊዜ በ50 ሚሜ እያደገ ይመጣል፤ የኮሞዲኖው ጥልቀት 460 ሚሜ ከሆነ 450ውን ይግዙ። መሳቢያው ፊቱ ወደ ውስጥ የሚገባ ዓይነት ከሆነ ግን የፊቱን ውፍረት ከጥልቀቱ ላይ ይቀንሱ።

የሥር ሐዲድ ከመሳቢያው ወለል በታች ስለሚታሰር ሲከፈት አይታይም፤ አካሄዱም የተረጋጋ ነው። ፊቱን ወደ ላይና ወደ ጎን በእጅ ማስተካከል የሚቻልባቸው ሞዴሎች ብዙ ናቸው። ጣጣው ሣጥኑ ለሐዲዱ ተብሎ መሠራት ያለበት መሆኑ ነው። ጎኑ እስከ 16 ሚሜ ውፍረት ባለው መሳቢያ ላይ በተለምዶ የሚሠራበት ስሌት፣ የመሳቢያው የውስጥ ስፋት ከኮሞዲኖው የውስጥ ስፋት በ42 ሚሜ ያነሰ ነው፤ 600 ከሆነ 558 ማለት ነው። ወለሉ ከጎኖቹ የታች ጠርዝ 13 ሚሜ ያህል ከፍ ይላል፣ ጀርባው ሐዲዱ እንዲያልፍ ይቆረጣል፣ መንጠቆው የሚገባበት 6 ሚሜ ቀዳዳም ይበሳል። የአምራቹ ወረቀት ሌላ ቁጥር ካለው ወረቀቱን ይከተሉ። የነበረ መሳቢያ እነዚህን ሁሉ ማሟላቱ ብርቅ ነው። ስለዚህ የእኛ ፍርድ እንዲህ ነው፦ ያለውን ኮሞዲኖ ለሚያሻሽል የጎን ሐዲድ፣ አዲስ ለሚያሠራ የሥር ሐዲድ።

ይህን የሚገለብጥ አንድ ሁኔታ አለ። የኮሞዲኖ መሳቢያ ከወጥ ቤት መሳቢያ በተለየ ሰፊና አጭር ነው፤ 800 ሚሜ ስፋት በ400 ሚሜ ጥልቀት የተለመደ ነው። በአንድ ጥግ ሲገፋ ይጣመማል፤ አንዱ ጎን ይገባል፣ ሌላው ይቀራል። ለእንዲህ ዓይነቱ ሁለቱን ጎኖች በዘንግ የሚያገናኝ የሥር ሐዲድ ቢገዙ አዲስ ሣጥን ማሠራቱ ያዋጣል። ካልሆነም ሁለቱን እጀታዎች በአንድ የመሐል እጀታ መተካት ብዙ ይረዳል።

ገጠማው ላይ የሚበላሸው

የጎን ሐዲዱን መጀመሪያ በሞላላ ቀዳዳዎቹ ብቻ በብሎን ይያዙት፣ መሳቢያውን አስገብተው ይሞክሩ፣ ከዚያ ክቦቹን ይሙሉ። የብሎኑ ራስ ዝቅ ያለና ጠፍጣፋ ይሁን፤ ብቅ ካለ የኩሽኔታውን መስመር ይመታል። ለ16 ሚሜ ቺፕውድ 13 ሚሜ ብሎን በቂ ነው፤ ረጅሙ በሌላው በኩል ይወጣል። መሳቢያውን ከማስገባትዎ በፊት የኩሽኔታዎቹን ማቀፊያ እስከ ፊት ድረስ ይሳቡት፤ ኋላ ከቀረ ሲገፋ ይሰበርና ትንንሾቹ ኳሶች ወለሉ ላይ ይበተናሉ።

መሳቢያው 3 ሴንቲሜትር ሲቀረው ቆሞ ከቀረ ወይም ነጥሮ ከተመለሰ፣ መንጠቆው ያለጊዜው ተላቆ ሊሆን ይችላል። እስከ ጫፍ ከፍተው አንዴ ጠንከር አድርገው ሲገፉት ብዙ ጊዜ ይመለሳል። አንድ ጎን ቀድሞ ከገባ ሁለቱ ሐዲዶች ከፊት ጠርዝ እኩል አልራቁም። እየሠራ ቆይቶ ድንገት መንኳኳት ከጀመረ ፒስተኑ ዘይት አፍስሶ ሊሆን ይችላል፤ በጥንድ ይቀየራል። በቀዝቃዛ ክፍል ቀስ ማለቱ ግን ብልሽት አይደለም፤ ዘይቱ ወፍሮ ነው። ስስ የመሳቢያ ወለል ጎብጦ የታችኛውን አካል ሲነካም ድምፅ ይሰማል፤ ይህ የሐዲድ ጥፋት ስላልሆነ ከሥሩ አንድ እንጨት መደገፍ ይበቃል።

እጀታ የሌለው፣ ተጭነው የሚከፍቱት መሳቢያ ካለዎት ደግሞ ተራ ሶፍት ክሎዝ አይግዙ። አንዱ ሞላ ሲገፋ ሌላው ስለሚስብ መሳቢያው ወይ አይከፈትም፣ ወይ አይዘጋም። ሁለቱን አዋህዶ የሚሠራ ሐዲድ ለብቻው ይሸጣል፤ ማሸጊያው ላይ ሁለቱም ተግባራት መጻፋቸውን ያረጋግጡ።