የቲዲኤስ መለኪያዬ ከዐሥር ወር በኋላ

ይህችን የውሃ መለኪያ የገዛኋት ጥቅምት ላይ ነው። እስክሪብቶ ብታክል ነው። ጫፏ ላይ ሁለት አጫጭር የብረት ዘንጎች አሏት። ውሃ ውስጥ ስትነከር ውሃው ኤሌክትሪክ ምን ያህል እንደሚያስተላልፍ ትለካለች። የሚያስተላልፈው የሟሟው ጨውና ማዕድን ስለሆነ፣ ከዚያ ተነስታ በሊትር ስንት ሚሊግራም እንዳለ ገምታ ቁጥር ታወጣለች። ቲዲኤስ የሚባለው ይኸው ውሃው ውስጥ የሟሟው ነገር ጠቅላላ መጠን ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ከ600 በታች ያለውን ጣዕሙ ጥሩ ነው ይላል፤ ከ1000 ሲያልፍ ለመጠጣት ይከብዳል።

አዳማ የሚመጣልን የቧንቧ ውሃ ከአዋሽ የተጣራ ነው። ቤቴ አብዛኛውን ጊዜ ከ250 እስከ 300 ያነባል። ውሃ ሲጠፋ ጀሪካን በጋሪ እናስመጣለን። ጥር ላይ አንዱን ጀሪካን ስለካው 640 አለ። ጋሪ ነጂውን «ከየት ቀዳኸው?» ብዬ ጠየቅኩት። «ከጉድጓድ ነው እትዬ፣ ቦኖው ተዘግቶ» አለኝ። በዓይን ብቻ ቢሆን ኖሮ አልለየውም ነበር። የዚያን ቀን በጣም ወደድኳት።

ነሐሴ ላይ ግን ልታሳስተኝ ነበር። ከቧንቧው ድፍርስ፣ ሻይ የመሰለ ውሃ ወረደ። ነከርኳት። 190! ከበጋው ያነሰ ቁጥር። ዝናቡ የወንዙን ጨው ያቀጥነዋል፤ ጭቃው ደግሞ የተንሳፈፈ እንጂ የሟሟ ስላልሆነ አታየውም። ጀርምም አታይም። ያን ውሃ ጭቃው እስኪዘቅጥ አስቀምጬ፣ በጨርቅ አጥልዬ፣ አፍልቼ ነው የተጠቀምኩት።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ፍሎራይድ ነው፤ ውሃ ውስጥ የሚሟሟ፣ ሲበዛ ጥርስ የሚያበላሽ ማዕድን። የአክስቴ ልጅ ወንጂ ነው ያደገው። ጥርሱ ላይ ቡናማ መስመር አለ፤ ሲስቅ እጁን አፉ ላይ ያደርጋል። በስምጥ ሸለቆ የከርሰ ምድር ውሃ ውስጥ ፍሎራይድ በብዛት ይገኛል። ቀለም የለው፣ ሽታ የለው። የሚፈቀደው መጠን በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው። 300 በሚያነብ ውሃ ውስጥ ሁለትና ሦስት ሚሊግራም ቢጨመር ይቺ መለኪያ ከምን ትለየዋለች? ማፍላትም አያስወግደውም፤ ውሃው ሲተን እንዲያውም ይከማቻል። ስለዚህ የጉድጓዱን ውሃ ላቦራቶሪ ወሰድኩት። 2.4 ሆኖ ተገኘ።

እንደ ዕቃ ከታየች ደህና ናት። ሁለቱ የሰዓት ባትሪዎች ስድስት ወር ሄዱ። ሲደክሙ ቁጥሩ ይዘልላል፤ ያኔ አትመኗት። ዘንጎቹ ነጭ ነገር ሲይዙ በአቼቶ ጠረግኳቸው። መለኪያዋ ስትነከርበት 342 ማንበብ ያለባትን የማስተካከያ ፈሳሽ አብራችሁ ግዙ። የኔዋ በስምንተኛው ወር 365 ብላው ነበር፤ ጀርባዋ ላይ ያለችውን ብሎን በትንሽ ካቻቢቴ አዙሬ መለስኳት።

ብትሰበር ሌላ እገዛለሁ። ለውጥ ቶሎ ትነግረኛለች። የጉድጓዱ ጀሪካን ግን አሁን እጀታው ላይ ቀይ ጨርቅ ታስሮበታል። ለልብስና ለወለል ብቻ ነው። ልጆቹም ያውቁታል፤ ትንሿ እንኳ ጠምቷት ስትሮጥ ቀዩን አልፋ ነው የምትሄደው።