የመካኒክ ማዳመጫ፦ ከወራት በኋላ የምመሰክርለት ዕቃ

ቱርቦ (አየር ገፍቶ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ ክፍል) ያለው የናፍጣ ዶልፊን ሚኒባስ አለኝ፤ ደሴ ኮምቦልቻ ይሠራል። ይህን ማዳመጫ ከመስከረም ጀምሮ ከመኪናው አልለየሁትም። የሐኪም ማዳመጫ ነው የሚመስለው፤ ጫፉ ላይ ግን ቀጭን የብረት ዘንግ አለው። ጋራዥ ውስጥ ረጅም ካቻቪቴ ጆሮ ላይ ደግኖ ማዳመጥ የቆየ ነገር ነው። ይሄ ሁለቱንም ጆሮ ስለሚዘጋ የውጩን ጫጫታ ይቀንሳል፤ ድምፁ ከየት እንደመጣ በደንብ ይለያል።

ዋጋውን ያወጣው በአንድ ጠዋት ነው። መኪናው ሲነሳ ቲክ ቲክ ይል ነበር፤ ሲሞቅ ድምፁ ይጠፋል። አንድ ጋራዥ ወሰድኩት። «አብሽር ወንድሜ፣ ካታላይዘሩ ውስጡ ተፈረካክሷል። ቆርጠን እናውጣው፤ ኢጂአሩንም እንድፈነውና ጉልበት ይጨምርልሃል» አሉኝ። ካታላይዘር ጭስ ማውጫው ላይ ሆኖ የጭሱን መርዝ የሚቀንስ ክፍል ነው፤ ኢጂአር ደግሞ ከጭሱ ከፊሉን ወደ ሞተሩ የሚመልስ ነው። ቱርቦ መኪና ይዞ ይሄን ምክር ያልሰማ ያለ አይመስለኝም።

ነገሩ ግን አልገጠመልኝም። ካታላይዘር ውስጥ ያለው የሴራሚክ ወንፊት ሲሰበር ቆርቆሮ ውስጥ እንደገባ ጠጠር ይንኮሻኮሻል፤ ሞተሩ ስለሞቀ ብቻ ዝም አይልም። ካታላይዘሩ ቀዝቅዞ ሳለ በላስቲክ መዶሻ ቀስ አድርጎ መምታት ነው፤ ከተሰበረ ይሰማል። የእኔው ምንም አላለም። ሲቀዘቅዝ ኖሮ ሲሞቅ የሚጠፋ ቲክታ ብዙ ጊዜ የማኒፎልድ (ጭሱን ከሞተሩ ተቀብሎ የሚያወጣው ብረት) ማፈትለክ ነው፤ ብረቱ በሙቀት ሲለጠጥ ክፍተቱ ይዘጋል።

በማግስቱ ማለዳ፣ ሞተሩ ሳይሞቅ፣ የፊት ወንበሩን አነሳሁ። ዘንጉን ነቅዬ ባዶውን ቱቦ በማኒፎልዱ ዙሪያ አዞርኩት። ዘንጉ ለብረት ድምፅ ነው፤ ለሚያፈተልክ ጋዝ ባዶ ቱቦ ይሻላል። አንደኛው ጥግ ላይ ስደርስ ጆሮዬ ውስጥ ፍች ፍች አለ። ባትሪ ሳበራበት ቡሎኑ ላልቷል፤ ከጋስኬቱ (በማኒፎልዱና በሞተሩ መካከል ያለው ማሸጊያ) ጠርዝ ጥቁር ጥላሸት ተስቦ ወጥቷል። ጋስኬቱና ቡሎኑ ተቀየሩ፣ ድምፁም ቀረ። በዶልፊን ሞተሩ ከወንበር ሥር ስለሆነ ይሄ ማፈትለክ የድምፅ ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ ጋዙ ሹፌሩና ተሳፋሪው ጋ ሊገባ ይችላል።

ካታላይዘሩን ስለ ማውጣትና ኢጂአሩን ስለ መድፈን ደግሞ አቋሜ ግልጽ ነው፤ አይነካ። ኢጂአር ከተቃጠለው ጋዝ ከፊሉን ወደ ሞተሩ መልሶ የቃጠሎውን ሙቀት ያወርዳል፤ በዚህም የናይትሮጅን ኦክሳይድ መጠን ይቀንሳል። በጥላሸት ይታፈናል፣ እውነት ነው። ያኔ ፈትቶ ማጽዳት ነው። ላሜራ ሲደፈንበት የመኪናው ኮምፒውተር የሚጠብቀውን የአየር ለውጥ አያገኝም፤ «ቼክ ኢንጅን» የሚባለውን የብልሽት መብራት ሊያበራ ይችላል። መብራቱ በርቶ ከቀረ በኋላ ሌላ እውነተኛ ብልሽት ቢመጣ በምን ይታወቃል? ካታላይዘሩም ሲወጣ መርዙ ሳይቃጠል በቀጥታ ይወጣል። ደሴ ተራራ የከበባት ከተማ ናት፤ ፒያሳ ላይ ከትምህርት ቤት የሚመለሱ ልጆች ከማርሚታችን ጎን ነው የሚሄዱት።

ማዳመጫው የማይችለውም አለ። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ። አየሩ ሲሳሳ ቱርቦው ያንኑ ግፊት ለመስጠት የበለጠ መሽከርከር አለበት፤ የቱርቦው ዘንግ ደግሞ በደቂቃ ከ100,000 ዙር በላይ የሚሄድ ነው። ከቱርቦው ወደ ሞተሩ የሚሄደው የአየር ቱቦ ትንሽ ከተቀደደ የሐረጎን ዳገት ስትወጣ ሽሽታ ይሰማል፤ ጥቁር ጭስ ይመጣል፣ ጉልበት ይወርዳል። ቆሞ ሞተር በማስነሳት ያ ድምፅ ላይገኝ ይችላል። እዚያ ላይ የሚሻለው ቱቦውን የሚያጠብቁትን ፋሼታዎች መፈተሽና ቱቦው ላይ ትኩስ የዘይት እርጥበት መፈለግ ነው።

የጆሮ መሰኪያው ጠንካራ ስለሆነ ቶሎ ያማል። የማዳመጫው ቱቦም ረጅም ነው፤ ወደ ቺንጋውና ፋኑ እንዳይጠጋ በጣም መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ደግሞ ልምድ ይጠይቃል። የናፍጣ ኢንጀክተር (ናፍጣውን ወደ ሞተሩ የሚረጨው) ጤነኛ ሆኖም ያንኳኳል፤ አራቱን በየተራ አዳምጦ ከሌሎቹ የተለየውን መለየት ነው። መኪናው ደህና ሳለ ድምፁን መልመድ በጣም ይረዳል።

ሰሞኑን ዘንጉን ዲናሞው ላይ ሳሳርፍ ኩሽኔታው ሲፈጭ ሰማሁ። ከውጭ ገና አይሰማም። ለሚቀጥለው ዘይት ቅያሬ አብሮ እንዲለወጥ ተነጋግሬያለሁ።