ጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል፦ ከውጭ ለምትመጡ

ከዋሽንግተን ወይም ከለንደን መጥቶ «ቦታኒክ ጋርደን» ሲባል የመስታወት ቤትና የተከረከመ ሣር የሚጠብቅ ሰው ጉለሌ ሲደርስ ቅር ሊለው ይችላል። ጉለሌ ተራራና ደን ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የከተማው አስተዳደር በጋራ ያቋቋሙት ይህ ማዕከል 705 ሄክታር ይሸፍናል፤ የዋሽንግተኑ ብሔራዊ አርቦሬተም (የዛፎች መናፈሻ) 180፣ የለንደኑ ኪው የዕፅዋት መናፈሻ ደግሞ 130 ሄክታር ገደማ ናቸው። ስለዚህ ከምትከፍሉባቸው አገልግሎቶች ሁሉ በእኛ ግምት ዋናው ዛፍ የሚያውቅ አስጎብኚ ነው። ሌላው ሁሉ እሱ ጋር በጊዜ ለመድረስ ነው።

መጀመሪያ ታክሲው። በስልክ የሚጠራ መኪና ከከተማ ለመውጣት አይቸግርም፤ ችግሩ መመለሻው ነው። ከበሩ አካባቢ ባዶ መኪና እንደ መሃል ከተማ በየደቂቃው አይገኝም። ስትሄዱ ከሾፌሩ ጋር የመጠበቂያውን ዋጋ ጨርሱ፤ ሦስት ሰዓት በቂ ነው። «ጉለሌ» ብቻ ካላችሁት ክፍለ ከተማው ሰፊ ነውና የትም ሊያወርዳችሁ ይችላል፤ «እንጦጦ» ካላችሁት ደግሞ በ2013 ዓ.ም. ወደተከፈተው እንጦጦ ፓርክ ይወስዳችኋል። «ዕፅዋት ማዕከል» በሉት። በጽሑፍ መልእክት ስትቀጣጠሩ ሰዓቱን በሐበሻ ቆጥራችሁ ቁጥሩ አጠገብ «ጠዋት በሐበሻ» ብላችሁ ጨምሩ፤ እናንተ በፈረንጅ 8 ስትጽፉ እሱ ከሰዓት በኋላ ይመጣል።

ቢጫ ካርድ (የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ) ያላችሁ ከፓስፖርቱ ጋር ያዙት፤ የመግቢያ ክፍያው በየትኛው ታሪፍ እንደሚታይላችሁም ሆነ የአስጎብኚውን ጉዳይ አስቀድማችሁ ለማዕከሉ ደውላችሁ ጨርሱ። ውሃና ምሳም ከቤት ያዙ።

ለዕረፍት የምንመጣው አብዛኞቻችን ልጆች ትምህርት ሲዘጉ፣ ማለትም ሐምሌና ነሐሴ ነው። ያ ወቅት ክረምት ነው። ዝናቡ ብዙ ጊዜ ከሰዓት በኋላ ስለሚከብድ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል ጀምራችሁ 5 ሰዓት ተኩል ላይ ጨርሱ። የሚያዳልጠው ጭቃው ብቻ አይደለም፤ የረገፈ የባሕር ዛፍ ቅጠልና ልጥ እርጥብ ሲሆን ቁልቁለት ላይ እንደ ሳሙና ነው፤ ሶሉ ለስላሳ የሆነ ስኒከር አያስኬድም። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች፣ ማዕከሉም ከመሃል ከተማው ከፍ ስለሚል፣ ከአውሮፕላን በወረዳችሁ ማግስት አትውጡ፤ ሁለት ሦስት ቀን ይለፍ። ረጅም ሱሪ ይለበስ፤ በጥላው ሥር ሳማ ይኖራል። ከለበለባችሁ አትሹት፣ በውሃ አጥቡት።

አሁን ወደ አስጎብኚው። ጥሩ መሆኑን የምታውቁበት አንድ ጥያቄ አለ፦ «እስቲ የሐበሻውን ጥድና የፈረንጁን ጥድ ለይተህ አሳየን»። ከሩቅ ሲታዩ ብዙ ሰው ይሳሳታል። የፈረንጅ ጥድ ፍሬ ክብ፣ እንጨት የመሰለና ሲደርቅ የሚሰነጣጠቅ ነው፤ አሮጌው ፍሬም ከቅርንጫፉ ቶሎ አይረግፍም። የሐበሻ ጥድ ፍሬ ግን ከአተር የማይበልጥ፣ ሥጋማ፣ ነጭ አመድ የተነሰነሰበት የሚመስል ጥቁር ሰማያዊ ነው። ፍሬ ያላገኛችሁበት ጥድ ወንዴ ሊሆን ይችላል፤ የሐበሻ ጥድ ወንዴና ሴቴው በየዛፉ ይለያያሉና። ችግኙ ላይ ደግሞ ቅጠሉ እንደ መርፌ ይወጋል፤ ሲያድግ ነው ወደ ቅርፊት መሰል ቅጠል የሚለወጠው።

ቀጥሎ ኮሶ ዛፍ ሥር አስቁሙት። ቀይ ቡናማው ልጥ እየተላጠ ይንጠለጠላል። የሴቴው አበባ ወፍራምና ቀላ ያለ ሆኖ ወደ ታች ይዘረጋል፤ የወንዴው ላባ መሰልና ሳሳ ያለ ነው። አባቶቻችን ለኮሶ ትል ይጠጡት የነበረው የሴቴውን አበባ ነው። መጠኑ ሲያልፍ ዓይን እስከማጥፋት ይደርሳል፤ ስለዚህ ማንም «ትንሽ ቅመሱ» ቢላችሁ አትቀበሉ። ወይራ ካገኛችሁ ቅጠሉን ገልብጡት፤ ከላይ አረንጓዴ፣ ከታች ወርቃማ ቡናማ ነው። ባሕር ማዶ ለተወለደ ልጅ የጠላ ጋንና የወተት ዕቃ የሚታጠነው በዚህ እንጨት መሆኑን እዚያው ንገሩት።

የባሕር ዛፍ ጉቶ ሳታዩ ደግሞ አትውጡ። በአፄ ምኒልክ ዘመን የማገዶ ችግር ለመፍታት የገባው ይህ ዛፍ ሲቆረጥ አይሞትም፤ ከጉቶው ዙሪያ ብዙ ቀንበጥ ያወጣል። አገር በቀል ዛፍ ለመመለስ መቁረጥ ብቻ የማይበቃው ለዚህ ነው፤ ወይ ሥሩ ይነቀላል፣ ወይ ጉቶው እስኪደክም ቀንበጡ ደጋግሞ ይመለመላል። አጠገቡ የተተከለው ትንሽ የጥድ ወይም የኮሶ ችግኝ ከዚህ ቀንበጥ ጋር ለውሃና ለብርሃን ይሻማል። አንዱን ጉቶ ከዚህ ችግኝ ጋር ያየ ሰው የማዕከሉ ሥራ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ይገባዋል፤ እኛም ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ እንድትቆዩ የምንመክረው ለዚህ ነው።

የአንድ ዕፅ ስም አጠራጣሪ ከሆነባችሁ አራት ኪሎ የሚገኘው የዩኒቨርሲቲው ብሔራዊ ሄርባሪየም አለ፤ ተጭነው የደረቁ ናሙናዎች የሚቀመጡበትና የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፅዋት መዝገብ በስምንት ቅጽ የተዘጋጀበት ቤት ነው።

ብዙዎቻችን የምንሳሳተው ግን መጨረሻ ላይ ነው፤ ዳማከሴና ጦስኝ፣ የጌሾ ዘርም ቢሆን፣ በሻንጣ ይዞ መሄድ ያምረናል። ከደኑ ምንም አትቅጠፉ። በአዋጅ ቁጥር 482/1998 መሠረት የአገሪቱን የዘር ሀብት ወደ ውጭ ማውጣት ፈቃድ ይፈልጋል። በሌላው ጫፍም ሕግ አለ፦ የአውሮፓ ኅብረት ከታኅሣሥ 2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለተክል፣ ለተከላ ዘር፣ ለትኩስ ቅጠልና ፍራፍሬ የዕፅዋት ጤና ምስክር ወረቀት ይጠይቃል፤ ነፃ የተደረጉት አናናስ፣ ሙዝ፣ ኮኮናት፣ ተምርና ዱርያን ብቻ ናቸው። አሜሪካም የተከላ ዘር ያለ ወረቀት አይገባም። ያላችሁን ሁሉ በመግቢያ ቅጹ ላይ አስመዝግቡ፤ ያስመዘገባችሁት ቢበዛ ይወረሳል፣ ደብቃችሁ ከተገኘባችሁ ግን ቅጣትም አለው።