የመኪና ቴፕ ጩኸት፦ ማጣሪያ ይገዛ ወይስ የማሳ ገመድ?

«ቴፑን ስከፍት ከዘፈኑ ጀርባ ‹ዊ...› የሚል ድምፅ አለ። ነዳጅ ስሰጥ አብሮ ይቀጥናል። የትኛውን ማጣሪያ ልግዛ?»

ይህን ጥያቄ ከጓደኞቼ ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ። ባለፈው ወር ብቻ ሦስት ሰው ጠይቆኛል። የሦስቱም መኪና አሮጌ ነው። ችግሩ የመጣባቸው አዲስ ቴፕ ወይም አምፕሊፋየር (የድምፅ ማጉያ) ካስገጠሙ በኋላ ነው። ሦስቱም ገንዘባቸውን ማጣሪያ ላይ ሊያወጡ ተነስተዋል።

እኔ በዚያ መንገድ ሄጄበታለሁ። ስለዚህ መልሴን ከመነሻው ልንገራችሁ። ማጣሪያ ከመግዛታችሁ በፊት ግማሽ ሜትር ጥሩ የመዳብ ገመድ ግዙና ማሳውን፣ ማለትም ከዕቃው ወደ መኪናው አካል ብረት የሚታሰረውን የነጌቲቭ መመለሻ፣ እንደገና እሰሩት። እስካሁን አብሬ ካየኋቸው መኪኖች አብዛኞቹ የዳኑት እዚያ ላይ ነው።

የእኔ መኪና ከ20 ዓመት በላይ ሆኗታል። አምፕሊፋየር ከኋላ ኮፈን ውስጥ አስገጠምኩ። በማግስቱ ዊዊታው ጀመረ። መጀመሪያ የኃይል መስመር ማጣሪያ ገዛሁ። ምንም ለውጥ የለም። ቀጥሎ ድምፁን ከቴፑ ወደ አምፕሊፋየሩ በሚወስደው በአርሲኤ ገመዱ መሐል የሚገባውን ኢሶሌተር (የሁለቱን ማሳ የሚነጥል ዕቃ) ገዛሁ። ዊዊታው ጠፋ፤ ግን ቤዙም አብሮ ጠፋ። ከበሮው ካርቶን እንደመምታት ሆነ። ሦስተኛ፣ ከሁለተኛው በሦስት እጥፍ የሚወደድ ሌላ ኢሶሌተር ገዛሁ። እሱ ይሻላል፤ ግን የቴፑ ድምፅ ከፍ ሲል ሹክሹክታው አሁንም ይሰማል። ለሦስቱ ያወጣሁት ድምር 5 ሜትር ወፍራም የመዳብ ገመድ፣ የገመድ ጫፎችና አንድ ደህና ቴስተር ገዝቶ ይተርፍ ነበር።

በመጨረሻ አንድ ቅዳሜ የኋላውን ምንጣፍ ገለጥኩ። ገጣሚው የአምፕሊፋየሩን ማሳ ቀለም በተቀባ ስስ ላሜራ ላይ በአንዲት ትንሽ ቪቴ ነው ያሰረው። ቪቴዋን ፈታኋት። ከቀለበቷ ሥር ቀለሙ እንዳለ ነው፤ ያብረቀርቃል። ብረቱን የነካው የቪቴዋ ጥርስ ብቻ ነበር። በቀዳዳው ዙሪያ ደግሞ ቡናማ የዝገት ክብ ይዟል። ቴስተሩን ዲሲ (ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ) ላይ አድርጌ አንዱን ጫፍ የባትሪው ነጌቲቭ ላይ፣ ሌላውን የአምፕሊፋየሩ ማሳ ላይ አደረግኩ። ሙዚቃው ጮክ ብሎ እየተጫወተ 0.4 ቮልት አነበበ። ቀለሙን በብርጭቆ ወረቀት ፍቄ ብሩን የመሰለው ብረት ሲወጣ፣ አጠር ያለ ወፍራም ገመድ በደህና ቡሎን አሰርኩ። ንባቡ 0.02 ሆነ። ሞተሩን አስነስቼ ነዳጅ ሰጠሁ። ዊዊታው የለም። ሁለቱንም ኢሶሌተሮች አወጣኋቸው፤ ቤዙ ተመለሰ።

ለምን እንደዚያ እንደሚሆን ባጭሩ ልንገራችሁ፤ ምክንያቱን ያወቀ ሰው ዝም ብሎ ዕቃ አይገዛም። ዲናሞው የሚያመነጨው ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ ነው። ውስጡ ያሉት ዳዮዶች ወደ ዲሲ ይቀይሩታል፤ ግን ፍጹም ለስላሳ አያደርጉትም። ትንሽ ሞገድ ይቀራል። ብዙዎቹ ዲናሞዎች 12 ፖል (የማግኔት ዋልታ) አላቸው፤ በአንድ ዙር 36 ትንንሽ ሞገድ ይሰጣሉ። መኪናው ቆሞ ሞተሩ በደቂቃ 800 ዙር ሲዞር ዲናሞው በፑሊው ምክንያት ወደ 2,000 ይዞራል። ይህ በሰከንድ 1,200 ሞገድ ነው። ጆሯችን ጥርት አድርጎ የሚሰማው ድምፅ ነው። ነዳጅ ስትሰጡ ቁጥሩ ይጨምራል፤ ለዚያ ነው ድምፁ የሚቀጥነው። ሞገዱ በሁሉም መኪና ላይ አለ። ወደ ስፒከር የሚገባው ግን ቴፑና አምፕሊፋየሩ የተለያየ ማሳ ይዘው በመካከላቸው ትንሽ የቮልት ልዩነት ሲፈጠር ነው። ያ ልዩነት በአርሲኤው ሽፋን በኩል ይጓዛል። አምፕሊፋየሩም እንደ ሙዚቃ ቆጥሮ ያጎላዋል።

ምንም ሳትገዙ መጀመሪያ እነዚህን ሞክሩ። የስልክ ቻርጀሩን ንቀሉ። ይህን ሳያደርጉ ዲናሞ ያስቀየሩ ሰዎች አሉ፤ ርካሽ ቻርጀር ራሱ ይጮሃል። ቀጥሎ የአንቴናውን ገመድ ከቴፑ ጀርባ ንቀሉ። ጩኸቱ ከጠፋ የሚገባው በአንቴና በኩል ነው፤ የማሳ ገመድም ማጣሪያም አይረዳችሁም፤ የአንቴናውን እግር አጽዱ። ከዚያ አርሲኤውን ከአምፕሊፋየሩ ንቀሉ። ጩኸቱ ከቀጠለ ችግሩ አምፕሊፋየሩ ወይም የእሱ መስመር ነው፤ ካቆመ የሚገባው በአርሲኤው በኩል ነው። ስትነቅሉና ስትሰኩ ግን ቴፑን አጥፉ፤ ለማዳመጥ መልሳችሁ አብሩት። አንዳንድ ቴፖች ውስጥ የአርሲኤውን ማሳ የሚይዝ ፀጉር የምታክል ፊውዝ አለች። ቴፑ በርቶ እያለ ጃኩ ሲነቀል ወይም ሲሰካ ልትቃጠል ትችላለች። ከተቃጠለች በኋላ የአምፕሊፋየሩን ማሳ በማስተካከል ብቻ ዊዊታው አይጠፋም። ጠጋኝ ከፍቶ መበየድ አለበት።

ድምፁ «ጠ ጠ ጠ» የሚል ከሆነ ጉዳዩ ሌላ ነው። እሱ የካንዴላ (ነዳጁን በሞተሩ ውስጥ የሚያቀጣጥለው ዕቃ) ብልጭታ ነው፤ በተለይ ኤኤም ሬዲዮ ላይ ይሰማል። መድኃኒቱ ሬዚስተር ያለው ካንዴላና ደህና የካንዴላ ገመድ ነው። ብዙ አምራቾች የካንዴላው ቁጥር ውስጥ ‹አር› የምትለውን የላቲን ፊደል ያስገባሉ። የካንዴላ ገመዱን በቴስተር ለኩት፤ ምንም ካላነበበ ውስጡ ተቆርጧል። ለካንዴላው ከፍተኛ ቮልት በሚሰጠው በቦቢናው ላይ ያለችውን ኮንደንሰርም አትርሷት። ሞተሩ ዘገየም ፈጠነም የማይለወጥ ጉምጉምታ ከሆነ ደግሞ የአየር ማራገቢያውን፣ የዝናብ መጥረጊያውንና የነዳጅ ፓምፑን አንድ በአንድ ፈትሹ።

አሁን ወደ ግዢው እንምጣ።

የማሳ ገመድ ከሁሉም ርካሹ ነው። ለአምፕሊፋየር ማሳ ከግማሽ ሜትር ማለፍ የለበትም፤ በጣም ካጠረማ ይመረጣል። ውፍረቱ ከፖዘቲቩ ገመድ መቅጠን የለበትም። እዚህ ላይ ግን አንድ ወጥመድ አለ፤ እኔም ወድቄበታለሁ። ገበያው በመዳብ በተለበጠ አሉሚኒየም ገመድ ተሞልቷል። ከላይ ሲታይ መዳብ ነው። ላስቲኩም ወፍራም ስለሆነ ገመዱ ትልቅ ይመስላል። ግን ያው ውፍረት ያለው አሉሚኒየም የኤሌክትሪኩን ጉዞ ከመዳብ አንድ ተኩል እጥፍ ያህል ያግዳል፤ ጫፉም ቶሎ ይበላል። አንድ ሻጭ «ንጹሕ መዳብ ነው» ብሎ ሰጥቶኝ ከስምንት ወር በኋላ ጫፉ ነጭ ዱቄት አውጥቶ አገኘሁት። ስትገዙ አንድ ቀጭን ክር መዝዛችሁ በቢላ ፋቁት። ውስጡ ነጭ ከሆነ አትግዙት። በእጅ መዝኑትም፤ መዳብ ከአሉሚኒየም ከሦስት እጥፍ በላይ ይከብዳል። እውነተኛው መዳብ ይወደዳል። ግን የምትፈልጉት ግማሽ ሜትር ስለሆነ ልዩነቱ ኪስ አይጎዳም። ዋጋው የሚከብደው ከባትሪ እስከ ኋላ በሚሄደው ፖዘቲቭ ላይ ነው። እዚያም ላይ ቢሆን አትሳሱ፤ ፊውዙንም ከባትሪው ግማሽ ሜትር ሳይርቅ አስገቡ።

ከኋላው ማሳ ጋር አብራችሁ የሞተሩንና የባትሪውን ማሳ ተመልከቱ። አሮጌ መኪና ላይ ከሞተሩ ወደ አካሉ የሚሄደው የተጠለፈ የመዳብ ጥብጣብ አረንጓዴ ዝገት ይዞ ግማሹ ተበጥሶ ታገኙታላችሁ። እሱን በአዲስ ገመድ መተካት ለቴፕ ብቻ አይደለም፤ ሞተሩም በቶሎ ይነሳል፤ መብራቱም ይደምቃል። ለአንድ ዕቃ ከፍሎ ሦስት ጥቅም ማግኘት ነው። የመቀመጫ ቀበቶ ቡሎን ላይ ግን ማሳ አትሰሩ። ያ ቡሎን ነፍስ የሚይዝ ነው።

ኢሶሌተሩ ሁለተኛ ነው፤ ያውም በሩቁ። ውስጡ ሁለት ትንንሽ ትራንስፎርመሮች አሉት፤ ድምፁ በማግኔት በኩል ያልፋል፤ ማሳው ይቋረጣል። ሐሳቡ ትክክል ነው። ችግሩ ርካሾቹ ላይ ነው። የመጀመሪያውን ከፍቼ አየሁት። ትራንስፎርመሮቹ ከአውራ ጣቴ ጥፍር አይበልጡም። ያን ያህል ትንሽ ብረት ቤዝ አይሸከምም፤ ይጠግብና ድምፁን ያበላሻል። ሁለተኛው በእጅ ሲያዝ ብቻ ከባድ መሆኑ ያስታውቃል። ስለዚህ የግድ ከሆነባችሁ ከባዱን ምረጡ፤ በእጅ ሲያዝ የሚቀለውን ተዉት። የግድ የሚሆነው መቼ ነው? ስልኩን በቻርጀር ሰክታችሁ በዚያው ጊዜ ድምፁን ከስልኩ ወደ ቴፑ በሚወስደው በኦክስ ገመድ ስታዳምጡ። እዚያ ማሳውን የምታስተካክሉበት መንገድ ስለሌለ ኢሶሌተሩ ያወጣችሁበትን ይመልሳል። ለኦክስ የተሠራው ኢሶሌተር ደግሞ ከሌሎቹ ይረክሳል። ለአምፕሊፋየር ግን ውድ ኢሶሌተር ገዝቶ የላላ ማሳ መሸፈን ሕመሙን ትቶ ማስታገሻ መዋጥ ነው። ማሳው እየዛገ ይቀጥላል። አንድ ቀን አምፕሊፋየሩ መመለሻ ሲያጣ ጅረቱ በቀጭኑ በአርሲኤው ሽፋን ይሄዳል፤ ያኔ የሚቃጠለው ቴፑ ነው። ያ ደግሞ የሁሉም ውዱ ሒሳብ ነው።

የኃይል መስመር ማጣሪያውን አልመክርም። ጥቅልል ሽቦና ካፓሲተር ነው። በቴፑ ቀይ ገመድ ላይ ሲገባ አንዳንዴ ይረዳል፤ በተለይ የቴፑ የራሱ ካፓሲተሮች ከደረቁ። አምፕሊፋየር ላይ ግን አይገባም፤ የሚጎትተው ጅረት ይበዛበታል። ኮፒው ደግሞ ይብሳል። የእኔው ላይ 20 አምፔር ተጽፎበታል። ስከፍተው የውስጡ ሽቦ ከእርሳስ እምብርት የቀጠነ ነው፤ መሐሉ ላይም ብረት የለበትም። ብረት የሌለው ጥቅልል ለ1,200 ሞገድ ምንም አያደርግም፤ የሚያደርገው ነገር መሞቅ ብቻ ነው። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ከክሩስኮቱ ሥር የላስቲክ ሽታ ሸተተኝ። ዋጋው ከጥሩ መዳብ ገመድ አራት እጥፍ ነበር።

ገመድ ላይ የሚነከሱት ፌራይት የሚባሉ ጥቋቁር የማግኔት ቀለበቶችም አሉ። በርካሽ ዋጋቸው ብዙ ሰው ይሞክራቸዋል። የኤልኢዲ አምፖልና የካሜራ ቻርጀር ሬዲዮ ላይ የሚያመጡትን ሽሽሽታ ይቀንሳሉ። ለዲናሞ ዊዊታ አይሆኑም፤ ለዚያ ድምፅ ሞገዱ በጣም ዝግ ያለ ነው።

ዲናሞ ስለመቀየር። አንድ ጋራዥ ሳይለካ «ዲናሞው ነው፣ አዲስ አምጣ» ብሎኝ ነበር። ለዚያ የጠየቀኝ እስካሁን ከዘረዘርኩት ሁሉ ድምር ይበልጣል። ቴስተራችሁን ኤሲ (ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ) ላይ አድርጉ። ሞተሩ እየሠራ፣ መብራትና ማራገቢያ በርቶ፣ ባትሪው ላይ ለኩ። የቮልት አንድ አሥረኛ (0.1) ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ዲናሞው ደህና ነው። ከግማሽ ቮልት ካለፈ ዳዮድ ሞቷል። ያኔም ዲናሞውን ሙሉውን አትቀይሩ፤ ብዙዎቹ ላይ የዳዮዱ ሳህን ለብቻው ይቀየራል፤ ዋጋውም ጥቂት ነው። ያገለገለ ዲናሞ ለመግዛት ካሰባችሁም ሳይገጠም ተለክቶ ካልታየ አትክፈሉ።

አዲስ ቴፕ መግዛትን መፍትሔ የምትሉ ካላችሁ፣ አንዱ ጓደኛዬ አድርጎታል። ቴፑ አማረ፤ ዊዊታው አብሮት መጣ። ያው የድሮ ማሳ ላይ ነበር የታሰረው። እሁድ ዕለት በፒንሳና በብርጭቆ ወረቀት ሃያ ደቂቃ ሠራንበት። ቀለም ፋቅን፣ ኮኮብ ጥርስ ያላት ቀለበት አስገባን፣ ቡሎኑን አጠበቅን፣ ውሃ እንዳያዝገው ከላይ በቅባት ደፈንነው። አሁን በየዓመቱ ዝናብ ሲያበቃ ቡሎኑን ይፈታል፣ ዝገት መኖሩን ያያል፣ መልሶ ያጠብቃል። የድሮው ቴፕ እስከ ዛሬ ካርቶኑ ውስጥ ነው፤ ምንም አልሆነም ነበር።