ፕሪዝም ወይስ ሲዲ?

ሁለቱም ነጭ ብርሃንን ወደ ኅብረ ቀለም ይበትናሉ፤ መንገዳቸው ግን ለየቅል ነው። ፕሪዝም (ባለ ሦስት ማዕዘን መስታወት) የሚሠራው በስብረት፣ ማለትም ብርሃን ከአየር ወደ መስታወት ሲገባና ሲወጣ በመታጠፉ ነው። በተለመደው መስታወት ውስጥ የቀይ ብርሃን ፍጥነት ለ1.51፣ የሐምራዊው ለ1.53 ገደማ ተካፍሎ ይቀንሳል። ልዩነቱ ይህችው ናት! ሐምራዊው ይበልጥ ስለሚዘገይ ይበልጥ ይታጠፋል።

ሲዲ ላይ የምናየው ቀለም ከስብረት የመጣ አይደለም። በ1.6 ማይክሮሜትር ርቀት የተደረደሩት ጥቃቅን መስመሮች የሚመልሱት የብርሃን ሞገድ እርስ በርሱ እየተደራረበ ቀለማቱን ይለያል፤ እዚህ አብዝቶ የሚታጠፈው ቀዩ ነው።

ለዓይን ፕሪዝምን እመርጣለሁ፤ ብርሃኑን በአንድ ኅብረ ቀለም ስለሚሰበስበው ይደምቃል። የብርሃንን የሞገድ ርዝመት ለመለካት ግን እንደ ሲዲው ያሉ መስመሮች ይሻላሉ፤ ፕሪዝም ሐምራዊውን ዘርግቶ ቀዩን ያጨናንቃል፣ እነርሱ ግን ቀለማቱን በተመጣጠነ ርቀት ያሰፍራሉ።