ሲሼልስ «ሦስት ደሴት በ7 ሌሊት» የሚለውን ፓኬጅ ከመክፈላችሁ በፊት ይህን አንብቡ

ወገኖች፣ «ዘና የሚያደርግ የሲሼልስ እረፍት፣ ሦስት ደሴት በ7 ሌሊት፣ ሁሉም ተካቶ» የሚል ማስታወቂያ ስልካችሁ ላይ ከመጣ፣ እባካችሁ ቀብድ ከመላካችሁ በፊት ትንሽ ታገሱኝ። እኔ፣ እህቴና እናታችን ባለፈው ሐምሌ በዚህ ፓኬጅ ሄደን ነበር። ገንዘቡስ ይሁን። እስካሁን የሚያንገበግበኝ እማዬ ስንት ዓመት የጠበቀችው እረፍት ሻንጣ በማሰርና በመፍታት ማለቁ ነው።

የድርጅቱን ስም አልጽፍም። ነገ ሌላው በሌላ ስም ይሸጠዋልና አሠራሩን ብታውቁት ይሻላል።

ሲሼልስ 115 ያህል ደሴቶች አሏት፤ ብዙው እንግዳ የሚያርፈው ግን ማሄ፣ ፕራላንና ላ ዲግ ላይ ነው። ከውጭ የሚመጣው አውሮፕላን የሚያርፈው ማሄ ነው። ከዚያ በፌሪ፣ ማለትም በመንገደኛ መርከብ፣ ፕራላን ለመድረስ አንድ ሰዓት ያህል፣ ከፕራላን ላ ዲግ ደግሞ ሩብ ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ሲያወሩት ቀላል ነው። ኤጀንቱም «ታክሲ እንደመያዝ ቁጠሩት» ነበር ያለን።

የተሸጠልን ሁለት ሌሊት ማሄ፣ ሁለት ሌሊት ፕራላን፣ ሁለት ሌሊት ላ ዲግ፣ ከዚያ አንድ ሌሊት ተመልሶ ማሄ ነው። ወረቀቱ ላይ ያምራል። እዚያ ስትደርሱ ግን ጠዋት 4 ሰዓት ላይ ክፍሉን ልቀቁ ትባላላችሁ፣ የተያዘላችሁ ፌሪ ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ላይ ነው፣ በመሃል ያለውን ስድስት ሰዓት ሻንጣችሁን ስትጠብቁ ትውላላችሁ፣ ተሻግራችሁ ክፍል እስክትገቡ ደግሞ ጀንበር ትጠልቃለች። ሁለት ሌሊት የተባለው ሲመነዘር አንድ ሙሉ ቀን ብቻ ነው የሚሆነው። ይህን ገንዘቡን ሳልልክ በፊት ወረቀት ላይ ቁጭ ብዬ ብቆጥረው ኖሮ በአምስት ደቂቃ ይገባኝ ነበር።

ባህሩም ዓመቱን ሙሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ከግንቦት እስከ መስከረም ገደማ ከደቡብ ምሥራቅ ጠንካራ ነፋስ ይነፍሳል፤ ያኔ በማሄና በፕራላን መካከል ያለው ክፍት ባህር ይናወጣል። ፌሪው ገና ከወደቡ እንደወጣ ነው መነሳትና መውደቅ የጀመረው። እማዬ ከፊቷ ያለውን ወንበር በሁለት እጇ ጨብጣ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ አንድ ቃል ሳትተነፍስ ነው የተሻገረችው። ሠራተኞቹ የማስታወኪያ ከረጢት እያደሉ በወንበሮቹ መሃል ይመላለሱ ነበር፤ ለእነሱ የተለመደ ነገር ነው። የጉዞ ሕመም ክኒን ይዛችሁ ሂዱ ያለን ሰው አልነበረም። ባህሩ ረጋ የሚለው ይህ ነፋስ ከሌላው ወቅት ነፋስ ጋር በሚቀያየርበት ጊዜ፣ በሚያዝያና በጥቅምት መጨረሻ አካባቢ ነው። ትልቅ ሰው ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ ወሩን ከሆቴሉ አስቀድማችሁ ምረጡ።

ፕራላን ላይ ያረፍነው ግራንድ አንስ የሚባለው ዳርቻ ላይ ነው። በማስታወቂያው ፎቶ ላይ አሸዋው ነጭ፣ ውሃው እንደ መስታወት የጠራ ነበር። ጠዋት በሩን ስንከፍት ያየነው ግን ዳርቻው ከጫፍ እስከ ጫፍ ቡናማ የባህር ሣር ተከምሮበት ነው። እግር ቁርጭምጭሚት ድረስ ይሰጥማል፣ ትንንሽ ነፍሳት ይነሱበታል፣ ፀሐይ ስትበረታበት ደግሞ ሽታው ክፍል ድረስ ይገባል። የሆቴሉ ሠራተኛ ምንም አልደበቀችን፤ በእነዚህ ወራት ነፋሱ ሣሩን ወደዚህ ወገን ይገፋዋል፣ በየዓመቱ ያለ ነው አለችን። ከደሴቱ ማዶ ያለው አንስ ቮልበር በዚያው ቀን ንጹህና ጸጥ ያለ ነበር! በሕዝብ አውቶቡስ ሄደን ነው ያየነው። ደሴቱ ያው፣ ቀኑም ያው፤ ልዩነቱ የትኛው ወገን ላይ ማረፋችሁ ነው። ኤጀንቱ ይህን አያውቅም ለማለት ይከብደኛል፤ በሐምሌ ማንም የማይፈልገውን ክፍል በሙሉ ዋጋ ነው የሸጠልን።

ዋናው ጉድ ግን ላ ዲግ ላይ ነው የጠበቀን። ላ ዲግ 10 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነች ትንሽ ደሴት ናት፤ መኪና ጥቂት ነው፣ ሰው በብስክሌት ነው የሚሄደው፣ እማዬም ተዝናናች የምለው እዚያ የነበርንበትን አንድ ቀን ነው። የመመለሻችን ዕለት ወደቡ ላይ ቫውቸሩን ስናሳይ ትኬት ቆራጩ ወረቀቱን አገላብጦ አየውና በጣቱ አንዷን መስመር አሳየኝ። የመሄጃ ብቻ! መመለሻ የሚባል ነገር አልተያዘልንም። የዚያን ቀን ፌሪ ደግሞ ሞልቷል። ለኤጀንቱ በዋትሳፕ ስጽፍለት የመለሰልኝ ይህ ነው፦ «ውሉ የሚለው የፌሪ ትራንስፖርት ተካቷል ነው፣ ደርሶ መልስ አይልም»። ውሉን ከፍቼ አየሁት። እውነቱን ነው፣ አይልም።

አንድ ሌሊት ከኪሳችን ከፍለን አደርን፣ የጠዋቱን ፌሪ በራሳችን ገንዘብ ቆረጥን፣ ማሄ ላይ የከፈልንበት ክፍል ባዶውን አደረ፣ በረራችን ላይ የደረስነውም በሩጫ ነው። ባህሩ ያን ጠዋት ብሶበት ፌሪው ባይነሳ ኖሮ ምን እንደምንሆን ሳስበው አሁንም ይጨንቀኛል።

ሌሎቹን ቶሎ ቶሎ ልንገራችሁ። «የቪዛ ማስፈጸሚያ» ብሎ ገንዘብ ተቀብሎናል፤ ሲሼልስ ግን ቀድሞ የሚወጣ ቪዛ የምትጠይቅ አገር አይደለችም። የሚያስፈልገው የጉዞ ፈቃድ ነው፣ እሱንም በአገሪቱ መንግሥት ድረ ገጽ ራሳችሁ ሞልታችሁ ትጨርሱታላችሁ። «የግል ባህር ዳርቻ ያለው ሆቴል» የሚለውም አያታላችሁ፤ በሲሼልስ ሕግ ዳርቻው የሁሉም ነው። ከነሐሴ 2023 ጀምሮ ደግሞ የአካባቢ ጥበቃ ክፍያ አለ፤ ሲጀመር እንደ ማረፊያው ትልቅነት በሰው በአዳር ከ25 እስከ 100 የሲሼልስ ሩፒ ነበር። «ሁሉም ተካቶ» ተብለን እሱንም እዚያው ከፍለናል። ኮኮ ደ ሜር የሚባለው የዘንባባ ዛፍ የሚበቅልበትን የቫሌ ደ ሜ ደን መግቢያም፣ ግዙፎቹ ኤሊዎች ያሉባትን የኩሪዩዝ ደሴት ጉዞም፣ ማስታወቂያው ላይ ፎቶው የተለጠፈውን የአንስ ሱርስ ዳርዣን ዳርቻ መግቢያንም ለየብቻ ነው የከፈልነው። እነዚህ ቦታዎች ክፍያቸው ይገባቸዋል፣ ቅሬታዬ ከእነሱ ጋር አይደለም።

መሄዱን ተዉት አላልኩም። ጸጥ ያለ ደሴት ለፈለገ ሰው ቦታው ውብ ነው። ብቻ በ7 ሌሊት ሦስት ደሴት አትሞክሩ፤ ሁለት ይበቃል። ማሄ ስትደርሱ በዚያው ቀጥታ ወደ ፕራላን ወይም ላ ዲግ ተሻገሩ፣ ማሄን ለመጨረሻ አቆዩት። የመጨረሻው ሌሊታችሁ አውሮፕላን ማረፊያው ያለበት ደሴት ላይ ይሁን፣ የፌሪውን መመለሻም ከበረራው ዕለት አንድ ቀን አስቀድሙት። የፌሪ ትኬት በኢንተርኔት ራሳችሁ መቁረጥ ትችላላችሁ። ኤጀንት ካስፈለጋችሁ ደግሞ እያንዳንዱን መሻገሪያ በቀንና በሰዓት፣ ሆቴሉ በየትኛው የደሴቱ ወገን እንዳለ፣ ያልተካተተውንም ነገር በጽሑፍ አስቀምጡ በሉት። «አይዟችሁ፣ እኛ እንጨርሳለን» ካላችሁ አትክፈሉ። አንድ ለጥንቃቄ፦ ላ ዲግ ላይም ግራንድ አንስ የሚባል ዳርቻ አለ፤ በጣም ያምራል፣ ግን ሞገዱ ሰውን ጎትቶ ይወስዳልና የማስጠንቀቂያ ሰሌዳውን አይታችሁ አትለፉት።

እኛ ደብዳቤ ጽፈናል፣ የባንክ ደረሰኙንና የዋትሳፕ መልእክቶቹን አያይዘናል፣ እስከ ዛሬ መልስ የለም። ማስታወቂያው ግን በአዲስ ፎቶ እንደገና ወጥቷል። ቀብድ ልካችሁ ከሆነ ውላችሁን አሁኑኑ ክፈቱና «ደርሶ መልስ» የሚል ቃል ካለበት እዩ። ከሌለ ቀሪውን ሳትከፍሉ በፊት አስጽፉት።