እጇን አይቶ አንገቷን ለጠየቀው ጤና መኮንን

ይህን ምስጋና ለመጻፍ እናቴ ስድስት ወር ሙሉ ሳትወድቅ እስክትቆይ ጠበቅኩ። ትናንት ስድስት ወሯን ደፈነች። እግዚአብሔር ይመስገን።

እናቴ የምትኖረው ምዕራብ ጎጃም፣ ከቡሬ ወጣ ብሎ ነው። ከአራት ዓመት በፊት እንቅርቷን በኦፕራሲዮን አስወጣች። እንቅርት በኛ አገር ብርቅ አይደለም። ዝናቡ የደጋውን አፈር እያጠበ አዮዲኑን ይወስደዋል፤ አያቴም አክስቴም አንገታቸው ያበጠ ነበር። ኦፕራሲዮኑ በሰላም አለቀ። የታይሮይዱን ክኒን መዋጥ ቀጠለች። አብሮ የተሰጣት ሌላው ክኒን ሲያልቅ ግን «ድኛለሁ» ብላ አልደገመችውም። እኛም አልጠየቅናትም።

መጀመሪያ ከንፈሯ ዙሪያ ጉንዳን የሚሄድባት ይመስላት ጀመር። ከዚያ ጣቶቿ። እናቴ ፈታይ ናት፤ እንዝርት ከእጇ አይጠፋም። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አጠገቧ ተቀምጬ እንዝርቱ መሬት ወደቀ። እጇን ስይዘው እንጨት ሆኗል። አውራ ጣቷ ወደ መዳፏ ገብቷል፣ አራቱ ጣቶቿ ቀጥ ብለው ተጣብቀዋል። «ብርድ ነው ልጄ፣ አሁን ይለቀኛል» አለችኝ። ለቀቃት። እኔም ብርድ ነው ብዬ ተውኩት። እስካሁን ይቆጨኛል።

ከወራት በኋላ ወደቀች። ዓይኗ ተገለበጠ፣ አረፋ ደፈቀች፣ ተንቀጠቀጠች። ጎረቤት ክብሪት ጭሮ አሸተታት። ወደ አንድ ሕክምና ቤት ስንወስዳት የሚጥል በሽታ ነው ተባለና ፌኖባርቢታል ታዘዘላት። አንድም ቀን ሳታጓድል ዋጠች። መውደቋ ግን አልቀረም፤ እንዲያውም ባሰ። ግሽ ዓባይ ሄዳ ተጠመቀች። መንደር ውስጥ ቡና ሲጠራ ለሷ ስኒ ለብቻ ተለየላት። አብረዋት ያደጉ ሰዎች ናቸው። ያን ስኒ በሁለት እጇ ይዛ አቀርቅራ ስትጠጣ ያየሁበትን ቀን አልረሳውም።

ጤና መኮንኑን ያገኘነው ለሌላ ጉዳይ ነው፣ ለደም ግፊት። ከቡሬ ወደ ፍኖተ ሰላም በሚወስደው መንገድ ላይ ያለ ጤና ጣቢያ ውስጥ ይሠራል። የገበያ ቀን ስለነበር ወረፋው በረንዳውን ሞልቶት ነበር። የግፊት መለኪያውን ክንዷ ላይ ጠቅልሎ ነፋው። ትንሽ ቆይቶ እጇ ያን የማውቀውን ቅርጽ ያዘ። እኔ ደንግጬ «ፍታላት!» አልኩት። እሱ ግን ጣቶቿን ነበር የሚያየው። ከዚያ ፈታላትና ወንበሩን ወደሷ አስጠጋ።

«እናቴ፣ ነጠላዎን ከአንገትዎ ዝቅ ያድርጉልኝ።»

ጠባሳውን አየ።

«እንቅርት አስወጥተው ነበር?»

«አዎ ልጄ፣ እሱማ ቆየ።»

ከጆሮዋ ፊት ጉንጯን በጣቱ መታ መታ አደረገ። የከንፈሯ ጥግ ብልጭ ብሎ ዘለለ። ወደኔ ዞሮ «ካልሲየሟ ሳይወርድ አይቀርም» አለኝ። እኔ ካልሲየም ሲባል የማውቀው አጥንትና ወተት ነው። ከሚጥል በሽታ ጋር ምን አገናኘው?

ወረፋው እንደዚያ ሆኖም ቁጭ ብሎ አስረዳኝ። ከታይሮይድ ጀርባ እያንዳንዳቸው ምስር የሚያክሉ አራት ዕጢዎች አሉ፤ ፓራታይሮይድ ይባላሉ። በሚያመነጩት ሆርሞን በደም ውስጥ ያለውን ካልሲየም ይጠብቃሉ። እንቅርት ሲወጣ አብረው ሊወጡ ወይም የደም ሥራቸው ሊጎዳ ይችላል። የታወቀ የኦፕራሲዮኑ ጣጣ ነው እንጂ የግድ የቀዳጁ ጥፋት አይደለም። ካልሲየም ሲያንስ ነርቭ ልጓም ያጣል። ከንፈር ይደነዝዛል፣ ጡንቻ ይኮማተራል፣ አንጎል ላይ ሲደርስ ሰው ይወድቃል። ክንድን አጥብቆ ይዞ እጅን የማየቱን ዘዴ ያገኘው አርማንድ ትሩሶ የሚባል ፈረንሳዊ ሐኪም ነው፤ ከ150 ዓመት በላይ ሆኖታል። ውድ መሣሪያ አይፈልግም። የሚያይ ዓይን ብቻ ነው የሚፈልገው።

ፌኖባርቢታሉ ደግሞ ሰውነት ቫይታሚን ዲን ቶሎ እንዲያፈርስ ያደርጋል፤ ያኔ ካልሲየም ይብሱን ይወርዳል። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ማለት በኛ ቤት ደረሰ።

ካልሲየም እዚያ አይመረመርም ነበር። ግን ወረቀት ጽፎ ብቻ አላሰናበተንም። ስልክ ደወለ። ጠባሳውንም፣ የእጇንም ነገር፣ የምትውጠውንም መድኃኒት አንድ በአንድ ሪፈሩ ላይ ጻፈ። ባሕር ዳር ደሟ ሲታይ ካልሲየሟ 5.6 ሆነ። ጤነኛ ሰው ከ8.5 እስከ 10.5 ነው። ልቧ በኢሲጂ እየታየ ካልሲየም በደም ሥሯ በዝግታ ተሰጣት። ጣቶቿ አንድ በአንድ ሲፈታቱ እጇን ይዤ ነበር።

ስንመለስም አልተዋትም። እናቴ ፊደል አልቆጠረችም። የታይሮይዱ ክኒን በባዶ ሆድ ነው የሚዋጠው፤ ካልሲየሙ ደግሞ ከምግብ ጋር፣ ከታይሮይዱ አራት ሰዓት ተራርቆ። ይህን በቃል ብትነግራት ይጠፋባታል። እሱ ካርቶን ቀዶ በእስክሪብቶ ዶሮ ሣለ፣ ከሥሩም የታይሮይዱን ክኒን በፕላስተር ለጠፈ። ቀጥሎ እንጀራ ሣለና የካልሲየሙን ክኒን ለጠፈ። ካርቶኑ ዛሬም ምሰሶው ላይ ተሰቅሏል። በየጊዜው ደሟን እንድታስመረምርም አጥብቆ ነግሮናል፤ ካልሲየም ከልክ ካለፈም ሰውን ያደነዝዛል፣ ያደናግራል፣ ኩላሊትንም ይጎዳል።

ፌኖባርቢታሉን ያስተዋት ሐኪም ነው፣ ያውም ቀስ በቀስ። የሚጥል በሽታ መድኃኒት የምትወስዱ ወይም የምታስታምሙ፣ ይህን አንብባችሁ በራሳችሁ እንዳታቆሙ፤ ድንገት ማቆም ራሱ ይጥላል። ግን አንገቱ ላይ የኦፕራሲዮን ጠባሳ ያለው ዘመድ ካላችሁና ከንፈሩ ከደነዘዘ፣ እጁ ከተኮማተረ ወይም ከወደቀ፣ «ካልሲየሙ ይታይልን» በሉ። አትፈሩ፣ ጠይቁ።

ስሙን እዚህ አላወጣም፤ «ሥራዬ ነው፣ ስሜን አታውጣ» ብሎ ስለለመነኝ ነው። በዚያ መስመር የምትኖሩና ሰው ማሳየት የምትፈልጉ በውስጥ ጻፉልኝ፣ የጤና ጣቢያውን ስም እነግራችኋለሁ። ከሰኞ እስከ ዓርብ አለ። የድሮ ወረቀቶቻችሁን ሁሉ ይዛችሁ ሂዱ፣ አንድ በአንድ ያነባል።

እናቴ ዛሬ ጠዋት ስደውልላት እየፈተለች ነበር። ለእሱ የሚሆን ጋቢ ነው፤ ድሩ አልቋል፣ ማጉ ትንሽ ይቀረዋል።